ሦስት ሴቶችና አንዲት የክርስትና ልጅ

በአንድ ወቅት፣ ነሐሴ ምድሩን ጭቃ፣ ሰማዩን ጭጋግ ባደረገበት ሰሞን፣ ደጋ ላይ ባለች አንዲት የወረዳ ከተማ ማሪቱ የምትባል ሴት በሆስፒታል ተገላገለች። የተወለደችው ሴት ናት፤ ደህና ናት። እናትየዋን ግን ደሟ አልቆም አላት። ማሪቱ የተረፈችው በሦስት ሴቶች ነው። ሦስቱም አሁን «ልጅቷን ክርስትና የማነሳት እኔ ነኝ» ይላሉ። ክርስትና የምታነሳ ደግሞ አንዲት ብቻ ናት። እኔ ነገሩን እንደሆነው ልንገራችሁ፤ ክርክሩን ለእናንተ እተወዋለሁ።

የመጀመሪያዋ ጥሩዬ ናት። የሆስፒታሉ ጽዳት ሠራተኛ ናት፤ ልጆቿን ድራ የጨረሰች፣ ስትሄድ ኮቴዋ የማይሰማ፣ ስትናገር ግን ግቢው ሁሉ የሚሰማት ሴት። በዚያች ከተማ ሰማይ ሲያጉረመርም ሰው መጀመሪያ የሚሮጠው የታጠበ ልብስ ለማስገባት አይደለም፤ ሶኬት ለመንቀል ነው። ቴሌቪዥን ይነቀላል፣ ፍሪጅ ይነቀላል፣ የሞባይል ቻርጀር ይነቀላል። መብረቅ በሽቦ ገብቶ የስንቱን ቤት ዕቃ እንዳቃጠለ የማያውቅ የለም። ጎረቤት ከሌለ የጎረቤትም ይነቀልለታል፤ ለምን ነቀላችሁብኝ ብሎ የተቆጣ ሰው እስካሁን አልተሰማም።

ሁለተኛዋ መክሊት ናት። ወጣት ናት፤ ኮምፒዩተር ተምራ ከሌላ ከተማ የመጣች፣ ሥራ ከያዘች ሁለት ጊዜ ካልተጠራች የማትሰማ። የሆስፒታሉን የደም ለጋሾች ዳታቤዝ የምትይዘው እሷ ናት። የለጋሹ ስም፣ የደሙ ዓይነት፣ ስልኩ፣ መቼ እንደሰጠ፣ ሁሉም በአንድ ፋይል ተሰድሮ ኮምፒዩተር ውስጥ ተቀምጧል ማለት ነው። ደም ባንኩ ሩቅ ነው፤ መንገዱም በክረምት ይቆረጣል። ስለዚህ የቸገረ ቀን ለጋሽ የሚጠራው ከዚያ ፋይል ነው።

ሦስተኛዋ ፋናዬ ናት። ልብስ ሰፊ ናት። ካገባች ቆይታለች፤ ልጅ ግን አልሆነላትም። በየዓመቱ ፍልሰታ ሲገባ ማርያም ግቢ ካሉት ጎጆዎች በአንዷ ሱባኤ ትይዛለች። ስልኳን አጥፍታ፣ ጥሬ ብቻ እየቀመሰች፣ ጾሙ እስኪፈታ ከግቢው ላትወጣ ተስላ ትቀመጣለች። ምን እንደምትለምን መጠየቅ አያስፈልግም። ደሟ ኦ ኔጌቲቭ የሚባለው፣ ብዙ ሰው ላይ የማይገኘው ዓይነት ነው። አንድ ጊዜ ሰጥታ ነበር። ባሏ «ልጅ ፈላጊ ሴት ደሟን ታድላለች እንዴ?» ብሎ ሲያኮርፍባት ሆስፒታል ሄደችና መክሊትን «ስሜን አጥፊልኝ፤ ዳግመኛም እንዳትጠሩኝ» አለቻት። መክሊትም «እሺ» ብላ እዚያው ፊቷ ሰረዘችው።

እንግዲህ ማሪቱ በወለደችበት ቀን ከሰዓት በኋላ መክሊት ፋይሉን ልታጸዳ ተነሳች። ለዓመታት ሲጻፍበትና ሲሰረዝበት ኖሮ አብጦ፣ አንድ ስም ለመፈለግ ዕድሜ የሚፈጅ ሆኗል። ሥራው ቤት እንደ መቀየር ነው። ፕሮግራሙ አዲስ ባዶ ፋይል ይከፍታል፤ ከአሮጌው የሚያስፈልገውን ጓዝ እያነሳ ወደ አዲሱ ያመላልሳል፤ የተሰረዘውን እዚያው ይተወዋል፤ ሲጨርስ አሮጌውን ያፈርስና አዲሱን በቦታው ይተካል። እስኪጨርስ መነካት የለበትም። ከመጀመሩ በፊት ደግሞ አንድ ቅጂ በፍላሽ ማስቀረት ደንብ ነው። የመክሊትን ፍላሽ ግን የአክስቷ ልጅ የሰርግ ቪዲዮ ሞልቶታል። «ለዛሬ ግድ የለም» አለችና ያለ ቅጂ ጀመረችው። ስክሪኑ ላይ «አትንኩ» የሚል ወረቀት ለጥፋ ላቦራቶሪ ያለ ፕሪንተር ልታይ ሄደች።

ሰማዩ አጉረመረመ።

ጥሩዬ መወልወያዋን ጥላ ቢሮው ገባች። ወረቀቱን አየችው፤ ማንበብ ታውቃለች። «ይህንን ለመብረቁ ንገሪው» አለችና ገመዱን ከግድግዳው ነቀለችው። ቀጥላ የተራ መጠበቂያውን ቴሌቪዥን ልትነቅል ኮሪደሩን ስታጋምስ መብረቁ ወረደ። ቴሌቪዥኑ ጨሰ። ፕሪንተሩ መክሊት እያየችው ተንጣጥቶ ዝም አለ። የካርድ ክፍሉም፣ የመድኃኒት ቤቱም ኮምፒዩተር ተቃጠለ። የከተማው መብራትም አብሮ ጠፋ።

መክሊት እየሮጠች ስትመጣ ገመዱ መሬት ላይ ተጋድሟል።

«ማነው የነቀለው?»

«እኔ ነኛ!»

«እትዬ ጥሩዬ፣ ወረቀቱን አላዩትም?»

«አይቼዋለሁ። አንቺስ ሰማዩን አላየሽውም?»

«መሃል ላይ እኮ ነው ያቋረጡት! ጓዙ ግማሹ አሮጌው ቤት፣ ግማሹ መንገድ ላይ ነው የቀረው!»

«መንገድ ላይም ቢሆን ቀርቶልሻል። ሂጂና የቴሌቪዥኑን ሬሳ እዪው።»

ይህን ሲባባሉ አዋላጇ ደረሰች። «ኦ ኔጌቲቭ! የለጋሾቹን ስልክ አውጪልኝ፣ ቶሎ!» ከኋላዋ የማሪቱ ባል ደመላሽ ቆሟል፤ ፊቱ አመድ መስሏል። የማሪቱ ደም ከራሱ ዓይነት በቀር ሌላ አይቀበልም። ፍሪጅ ውስጥ ያለው ሌላ ነው። ወደ ደም ባንኩ የሚወስደውን መንገድ ደግሞ ወንዙ ይዞታል።

የሆስፒታሉ ኤሌክትሪሻን በየክፍሉ ዞሮ ተመለሰና «ሁሉም አልቋል፤ የተረፈችው ይቺ አንዷ ናት፣ ስላልተሰካች» አለ። ደመላሽ ይህን ሲሰማ ጥሩዬ ላይ ተጠመጠመባት። ትከሻዋን እየሳመ፣ «እትዬ ጥሩዬ፣ ሚስቴ ከተረፈችልኝ ልጄን ክርስትና የሚያነሷት እርስዎ ነዎት!» አላት።

«አሜን፣ ከአፍህ ይቀበልህ» አለች ጥሩዬ።

ከጄኔሬተሩ ገመድ ስበው ኮምፒዩተሩን አስነሱት። ተነሳ። ፋይሉ ግን አልከፈት አለ። ፕሮግራሙ «ፋይሉ ተበላሽቷል፤ ልጠግነው?» ብሎ ጠየቀ። በዚህ መሃል ሐኪሙ ራሱ ጓንቱን አውልቆ መጣ።

«አዎ በይዋ! ምን ትጠብቂያለሽ?»

«አልልም» አለች መክሊት። «ይሄ የሚጠግነው ማንበብ ያቃተውን እየጣለ ነው። የሚጥለው እኛ የምንፈልገውን ሰው ቢሆንስ?»

«ሴትየዋ እኮ እየሞተችብኝ ነው!»

«ገብቶኛል ዶክተር። መጀመሪያ ቅጂ ላስቀር።»

ፍላሹን ሰካችና የአክስቷን ልጅ ሰርግ ከነሚዜዎቹ፣ ከነጭፈራው አንድ ጊዜ ደመሰሰችው። የተበላሸውን ፋይል ገለበጠች። ዋናውን ሳትነካ በቅጂው ላይ ሥራ ጀመረች። አዲስ ባዶ ፋይል ከፈተችና ስሞቹን ከመጀመሪያው ጀምራ ወደዚያ መሳብ ያዘች። ደህና ሄዶ ሄዶ መሃል ላይ ሲደርስ ቀጥ አለ፤ የተሰበረው እዚያ ጋ ነው። አልታገለችውም። ዞራ ከመጨረሻው ጀመረችና ወደ ኋላ እየሳበች ሄደች፤ እንደገና እዚያው ስብራት ላይ ደርሳ ቆመች። ከዚህና ከዚያ ከወጡት ስሞች ውስጥ ኦ ኔጌቲቭ ሁለት ተገኙ። አንደኛው በቅርቡ ሰጥቷል፤ ቶሎ አይደገምም። ሁለተኛዋ አራስ ናት።

«በቃ?» አለ ሐኪሙ።

«መሃሉ ቀርቷል።»

ቅጂውን በፕሮግራሙ ሳይሆን ጥሬውን ከፈተችው። ትርጉም የሌለው ምልክት ስክሪኑን ሞላው። ግርድ ውስጥ እንደ ቀረ ስንዴ አልፎ አልፎ የሚነበብ ቃል ብቅ ይላል፤ የሰው ስም፣ ቀበሌ፣ ስልክ። መክሊት አፍንጫዋ ስክሪኑን ሊነካ ደርሶ ለቀመችው። አንድ ቦታ ስትደርስ ጣቷ ቆመ። ፋናዬ። ኦ ኔጌቲቭ። በተጠባባቂነት የተመዘገበ የእህቷ ስልክ።

ራሷ የሰረዘችው ስም ነው። ነገሩ እንዲህ ነው፦ ከዚያ ፋይል የተሰረዘ ስም ወዲያው አይጠፋም። ፕሮግራሙ ማሳየቱን ይተዋል እንጂ ስሙ አሮጌው ቤት ጥግ ላይ ተቀምጦ ይቆያል። ለዘለዓለም የሚጠፋው ያ የጓዝ ማመላለሱ ሥራ ሲያልቅ ነው። ያን ቀን ደግሞ ሥራው አላለቀም፤ ጥሩዬ ነቅላዋለች።

«ምን ሆንሽ?» አለ ሐኪሙ።

«ይቺ ሴት ስሟ እንዲጠፋ ለምናን ነበር። እሺ ብያታለሁ።»

«ታዲያ ጠፍቷል?»

«ተሰርዟል እንጂ አልጠፋም።»

ሐኪሙ «ደውዪ»ም «አትደውዪ»ም ሳይል ወደ ማሪቱ ተመልሶ ሮጠ። መክሊት ትንሽ ተቀመጠች። ከዚያ ስልኩን አነሳች። የፋናዬ እህት ነገሩን ከሰማች በኋላ «ስሟን አስጠፍታ አልነበር እንዴ?» አለች።

«አስጠፍታለች። የሰረዝኩትም እኔ ነኝ፤ የደወልኩትም እኔ ነኝ።»

እህትየዋ «ማርያም ግቢ ናት፤ ሱባኤ ላይ ናት» ብላ ዘጋችው።

ደመላሽ በሩ ላይ ቆሞ ሰምቷል። የመክሊትን እጅ በሁለት እጁ ይዞ፣ «እህቴ፣ ልጄን የምታነሺያት አንቺ ነሽ፤ በቃ አንቺ ነሽ!» አለና ባጃጅ ፍለጋ ወጣ። ለጥሩዬ ያለውን ረስቶት ይሁን ወይም ሌላ የሚሰጠው አጥቶ እንጃ።

ማርያም ግቢ ሲደርስ ዝናቡ አላባራም። ከጎጆዎቹ አጥር ውጪ ቆሞ «ፋናዬ! ፋናዬ የምትባል አለች?» እያለ ተጣራ። ፋናዬ ነጠላዋን ተከናንባ ወጣች።

«ማነው ስሜን የሰጠህ?»

«ኮምፒዩተሩ።»

«እኔ ከኮምፒዩተሩ ወጥቻለሁ።»

«እሱን አላውቅም እህቴ። ሚስቴ አራስ ናት፤ ደሟ አልቆም ብሏል። ያንቺ ዓይነት ነው አሉኝ።»

አጠገቧ ያሉ መነኩሲት ነጠላዋን ያዝ አደረጓት። «ልጄ፣ ስለትሽንስ? ጾሙ ሊፈታ ምን ቀረው?»

«ለእሷስ ምን ቀራት እማሆይ?» አለች ፋናዬ። ወደ ደመላሽ ዞራ «የክርስትና ስሟ ማነው?» ብላ ጠየቀችው።

«ወለተ ኪዳን።»

ፋናዬ ከደጁ ሆና ወደ ቤተ ክርስቲያኑ ሰገደች። ምን እንዳለች አልተሰማም። ከዚያ ጫማዋን አጥልቃ ባጃጁ ውስጥ ገባች። መንገድ ላይ ደመላሽ አለቀሰ። እያለቀሰም «ልጄን የምታነሺልኝ አንቺ ነሽ፣ ማርያምን እውነቴን ነው!» አላት።

ሆስፒታል ስትደርስ በፈጣኑ ምርመራ አዩዋት፤ ደህና ናት። «ባዶ ሆድሽን ግን አልወስድልሽም» አላት ሐኪሙ። ዳቦና ሻይ አቀረቡላት። ጥሬ ብቻ ልትቀምስ የተሳለች ሴት ዳቦውን ቆርሳ በላች፤ ሻዩን ጠጣች፤ ክንዷን ዘረጋች። ስትወጣ መክሊት ኮሪደሩ ላይ ቆማ ነበር። ተያዩ። ፋናዬ «እኔና አንቺ በኋላ እንነጋገራለን» ብላት አለፈች።

የፋናዬ ደም ማሪቱን እስከ ማግስቱ አቆያት። በማግስቱ ወንዙ ጎደለና ከደም ባንኩ ሌላ መጣ። ማሪቱ ዳነች። ፋናዬ ወደ ጎጆዋ አልተመለሰችም፤ ሱባኤዋ ፈርሷል። ባሏ አኩርፎ ሰነበተ። ፋይሉም ሙሉ በሙሉ ባይሆን አብዛኛው ተመለሰ፤ መሃሉ ላይ የጠፉትን ለጋሾች መክሊት እየለመነች እንደገና መዘገበቻቸው።

አሁን ወደ ጭቅጭቁ። ሴት ልጅ ክርስትና የምትነሳው በሰማንያ ቀኗ ነው። ሰማንያው ሲቃረብ፣ አንድ እሑድ ከሰዓት ጥሩዬ አዲስ ነጭ ቀሚስ በፌስታል ይዛ ደመላሽ ቤት ገባች። ተቀምጣ ሳትጨርስ መክሊት የብር መስቀል ይዛ መጣች። ወዲያው ፋናዬ ራሷ የሰፋችውን ጥልፍ ያለው ቀሚስ ይዛ በሩን አንኳኳች። ሦስቱም ተያዩ። ማሪቱ ደግሞ ባሏን አየችው።

«ደመላሽ፣ አንዲትን ልጅ ለስንት ሰው ነው የሰጠሃት?»

«ጨንቆኝ ነበር እኮ!»

«ሲጨንቅህ ልጅ ታድላለህ?»

«አንቺ ተኝተሻል፣ ምን አለብሽ! ያየሁት እኔ ነኝ።»

የማሪቱ የነፍስ አባትም እዚያው ነበሩ። ሳቃቸውን አፍነው፣ «የክርስትና እናት አንዲት ናት፤ ለሦስት አይከፈልም። የምትመርጠውም እናቲቱ ትሁን» አሉ። የምታነሳት ሴት እንደ ሥጋ እናት ትቆጠራለች፤ ማሪቱ አንድ ነገር ብትሆን ልጅቷን የምትጠይቅ፣ የምትመክር፣ ሲድሯትም ከፊት የምትቀመጥ እሷ ናት። ስለዚህ ዝም ብሎ የሚለቀቅ ነገር አይደለም።

ጥሩዬ ቀድማ ተናገረች። «ቃል መጀመሪያ የተገባው ለእኔ ነው። እኔ ያንን ገመድ ባልነቅል ኮምፒዩተሩ ከቴሌቪዥኑ ጋር ይቀበር ነበር። ያ ሥራዋም ቢያልቅላት ኖሮ የፋናዬ ስም ላይመለስ ይጠፋ ነበር፤ ራሷ መክሊት ናት የነገረችኝ።»

«ሳያውቁት ነው ያደረጉት» አለች መክሊት።

«ውኃ የሚወስደውን ሰው ማን እንደሆነ ሳላውቅ ባወጣው አላወጣሁትም ልትይኝ ነው?»

«ፋይሉን የሰበሩትም እርስዎ ነዎት።»

«አንቺ ደግሞ ቅጂ ሳታስቀሪ ነው የጀመርሽው፤ ለሰርግ ጭፈራ ብለሽ!»

መክሊት አንገቷን አቀረቀረች፤ ግን ቀና ብላ መለሰች። «ልክ ነው፣ አላስቀረሁም። ኮምፒዩተሩ ቢተርፍም ግን ብቻውን ምን ያደርግ ነበር? ሐኪሙ እየጮኸብኝ "አዎ" ብል ያ ስም ከተጣለው ጋር ይጣል ነበር። ከስብርባሪው ለቅሜ ያወጣሁት እኔ ነኝ። እሺ ብዬ የሰረዝኩትን ስም መልሼ ስጠራ ሥራዬን ላጣ እንደምችል አውቄ ነው የጠራሁት።»

«ያጣሽው ሥራ የለም» አለች ፋናዬ ቀስ ብላ። «እኔ ግን ስሜን እንድትጠሪ አልፈቀድኩልሽም። ደሜን ነው የሰጠሁት፤ ስሜን አልሰጠሁም። ስሜን የወሰድሽው አንቺ ነሽ።»

«ባልወስደው ይቺ ሴት እዚህ ትቀመጥ ነበር?»

ፋናዬ ማሪቱን አየቻት። «ልጅ የለኝም ብዬ ልጅ ስጡኝ አልልም» አለች። «እንዲታዘንልኝም አልመጣሁም። እነሱ የሠሩት ሥራቸውን ነው። እኔ ለራሴ የምለምነውን ትቼ ነው የወጣሁት። በዚያ ላይ እናቷ ውስጥ ያለው የእኔ ደም ነው።»

ጥሩዬ «ስሟ ባይገኝ ኖሮ ሱባኤዋ ላይ ነበረች እኮ» ልትል ጀምራ ዋጠችው። ሕፃኗ የእናቷን ጡት ስባ ስታበቃ እፎይ አለች።

ማሪቱ እስካሁን ብዙም አልተናገረችም። «እኔ ያን ቀን ምንም አላየሁም» አለች በመጨረሻ። «ዓይኔን ስገልጥ ነግቷል፤ ልጄ አጠገቤ ናት። ሁላችሁንም የማውቃችሁ በወሬ ነው። አንዳችሁ ብትጎድሉ ኖሮ ይቺ ልጅ ያለ እናት ታድግ ነበር። እንዴት አድርጌ ነው አንዳችሁን የምመርጥ?»

«ሦስታችን ዕጣ እንጣጣል» አለች መክሊት።

«እኔ በዕጣ አልነቀልኩም» አለች ጥሩዬ።

ፋናዬ የሰፋችውን ቀሚስ ጭኗ ላይ ዘርግታ ጥልፉን በጣቷ ትዳስሳለች።

ሰማንያው ደረሰ። ማሪቱ ልጇን በነጭ አቅፋ ቤተ ክርስቲያኑ ደጅ ቆማለች። ጥሩዬ በግራዋ፣ መክሊት በቀኟ፣ ፋናዬ ትንሽ ራቅ ብላ። ዲያቆኑ ወጣና «የክርስትና እናቷ ማናት? ልጅቷን ትቀበል» አለ። ማሪቱ ሕፃኗን ከደረቷ አላቀቀች፤ እጇን ዘረጋች።

እዚያ ላይ አቆማታለሁ። ሳታውቅ ያዳነችው ናት፣ አጥፍታ ያቃናችው ናት፣ ወይስ የራሷን ልመና ትታ የመጣችው? እናንተ ማሪቱን ብትሆኑ ልጅቷን በማን እጅ ታስቀምጧት ነበር?